ጥርስን ጠብቆ ትንፋሽን መዘንጋት፦ የሌሊት የጥርስ መከላከያና በእንቅልፍ የሚቋረጥ ትንፋሽ

በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኘው ዱመርሶ በቡናዋ ትታወቃለች። ቀይ ቡና በሚለቀምባቸው ወራት በአካባቢው የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራው ከቀን ወደ ምሽት ይሻገራል፤ የጭነት መኪናም በሌሊት ይንቀሳቀሳል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ተነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ለምሳሌ ያህል ይታሰብ። የመጣበት ምክንያት ጥርሱ ነው። መንጋጋው ጠዋት ጠዋት ያመዋል፤ የኋላ ጥርሶቹ ጫፍ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ባለቤቱም ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ እንደምትሰማ ተናግራለች። የደም ግፊቱ ሲለካ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ ይህ በሌላ ካርድ ላይ ተጻፈ። ለጥርሱ የተሰጠው ምክር፣ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዶ በሌሊት የሚጠለቅ የጥርስ መከላከያ እንዲያሠራ ነው።

ምክሩ በመልካም ሐሳብ የተሰጠ ነው። ጉድለቱ አንድ ጥያቄ መዝለሉ ላይ ነው፤ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ይቋረጣል ወይ? ጥያቄው ሳይጠየቅ የሚሠራ መከላከያ ጥርሱን ሊያድን ይችላል፤ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ግን ትንፋሹን ሊያባብስ እንደሚችል የሚጠቁም ማስረጃ ከታተመ ሁለት አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው፣ ከዱመርሶ አንጻር ሲታይስ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

መከላከያው ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ በተለምዶ «ናይት ጋርድ» የሚባለው መሣሪያ ከጠንካራ አክሪሊክ ወይም ከለስላሳ ፕላስቲክ የሚዘጋጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን ነው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በቀጥታ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ይገባል፤ ኢናሜል እንዳይበላ፣ የተሞላ ጥርስም እንዳይሰበር ይከላከላል። ከዚህ ያለፈ ተስፋ ሲጣልበት ግን ማስረጃው ይሳሳል። በእ.ኤ.አ. 2007 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ መሣሪያው በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰተውን ጥርስ ማፋጨት ራሱን ያክማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም፤ የጥርስን መበላት በመቀነስ ረገድ ግን ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል አመልክቷል። በሌላ አነጋገር መከላከያው ለጥርስ ጋሻ ነው፤ ለማፋጨቱ መድኃኒት መሆኑ አልተረጋገጠም።

የትንፋሹ ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። መንጋጋ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሲሸሽ ምላስም አብሮት ይሸሻል፤ በምላስና በጉሮሮ ግድግዳ መካከል ያለው የአየር መተላለፊያም ይጠባል። መተላለፊያው ሲጠብ ማንኮራፋት ይሰማል፤ ሲዘጋ ደግሞ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ እየታገሉ አየር አይገባም። ይህ መቋረጥ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ አፕኒያ ይባላል። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበትና በጉልህ የሚቀንስበት ጊዜ ተደምሮ በአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 14 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 ከሆነ መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ተብሎ ይመደባል።

አሁን በላይኛው ጥርስ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን ተጠለቀ እንበል። አፍ በዚያው መጠን ይከፈታል። የታችኛው መንጋጋ እንደ በር በማጠፊያው ዙሪያ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ አፍ ሲከፈት አገጭ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሄዳል፤ የምላስ ቦታም ይጠባል። መተላለፊያው ሰፊ በሆነ ሰው ላይ ይህ ለውጥ ምንም ላያመጣ ይችላል። አስቀድሞ በጠበበ መተላለፊያ ላይ ግን ጥቂት ሚሊሜትርም ዋጋ አለው።

የሞንትሪያሉ ጥናትና ሚዛኑ

በዚህ ርዕስ ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ጥናት ጋኞን፣ ላቪንና ባልደረቦቻቸው በካናዳ፣ ሞንትሪያል አካሂደው በእ.ኤ.አ. 2004 ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ እንዳለባቸው የታወቀ 10 ሕሙማንን መርጠው፣ በላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ካደረጉላቸው በኋላ በእንቅልፍ ላብራቶሪ መከላከያ የሌለበትን ሌሊት መከላከያ ካለበት ሌሊት ጋር አነጻጸሩ። ከ10ሩ በ5ቱ ላይ የትንፋሽ መቋረጡ መጠን ከ50 በመቶ በላይ ጨመረ፤ በ4ቱ ላይ የሕመሙ ደረጃ ወደ ባሰው ተሻገረ፤ በማንኮራፋት ያለፈው የእንቅልፍ ጊዜም በ40 በመቶ አደገ።

እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ሲነገሩ ያስደነግጣሉ። ሚዛናዊ ንባብ ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ሌላውን ግማሽ አብሮ ማንበብን ይጠይቃል። በ10ሩ ሕሙማን አማካይ ላይ የትንፋሽ መቋረጡ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ጉልህ አልነበረም። ጥናቱ ተሳታፊውም ተመራማሪውም የሚደረገውን እያወቁ የተካሄደ ነበር። የአንድ ሰው የትንፋሽ መቋረጥ መጠን ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ እንኳ ከሌሊት ሌሊት ይለዋወጣል፤ በጀርባ የተኛበት ሰዓት ሲረዝም ይጨምራል፣ በጎኑ ሲተኛ ይቀንሳል። ስለሆነም ከታየው ለውጥ ምን ያህሉ የመከላከያው፣ ምን ያህሉ የሌሊቱ እንደሆነ በ10 ሰው መለየት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የደረሱበት ድምዳሜ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የማባባስ አደጋ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ መከላከያ ከማዘዙ በፊት ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቋረጥ ይጠይቅ የሚል ነው።

በእ.ኤ.አ. 2011 በኔዘርላንድስ፣ አምስተርዳም የኒኮሎፑሉ ቡድን ያሳተመው ጥናት ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈተነው። ትንፋሻቸው በእንቅልፍ ለሚቋረጥ 18 ሕሙማን መንጋጋን ወደ ፊት ሳይስብ አፍን በፊት ጥርሶች መካከል 6 ሚሊሜትር ያህል የሚከፍት መሣሪያ ተደረገላቸው፤ የትንፋሽ መቋረጡም ጨምሮ ተገኘ። ይህ ውጤት የሞንትሪያሉን ጥርጣሬ ያጠናክራል። ነገር ግን 6 ሚሊሜትር ከአብዛኛው የተለመደ መከላከያ የሚበልጥ ከፍታ ነው፤ በወፍራም መሣሪያ የታየውን ለስስ መሣሪያ ሁሉ ማዋል ከማስረጃው በላይ መናገር ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ «ናይት ጋርድ ያፍናል» ብሎ መለፈፍ እንደማይገባ ግልጽ ነው። ጥርሱን የሚያፋጭ ሁሉ ትንፋሹ አይቋረጥም፤ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሁሉም ጥርሱን አያፋጭም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙም አንዱ ለሌላው መንስኤ ስለ መሆኑ ጥናቶች የተስማሙበት መልስ የለም። መከላከያውን ከሁሉም ሰው መንፈግ ጥርሳቸው እየተሰበረ ያሉትን ሰዎች መበደል ነው። ማስረጃው የሚሸከመው መጠነኛ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ጥያቄው መከላከያውን ይቅደም። ሐሳቡ መጠነኛ ቢሆንም በተግባር የሚዘለለው እርሱ ነው።

ተመሳሳይ መልክ፣ ተቃራኒ ሥራ

ሌላው የስሕተት በር የሁለት መሣሪያዎች መመሳሰል ነው። በጥርስ ላይ ተጠልቆ የትንፋሽን መቋረጥ የሚቀንስ መሣሪያ በእርግጥ አለ። ይህ ግን የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በአንድነት ይዞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ፣ ምላስንም ከጉሮሮ የሚያርቅ ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሮቢን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አገጫቸው ወደ ኋላ የሸሸና ምላሳቸው ትንፋሻቸውን ለሚዘጋባቸው ሕፃናት መንጋጋን ወደ ፊት የሚያመጣ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚና የአሜሪካ የጥርስ እንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በእ.ኤ.አ. 2015 በጋራ ያወጡት መመሪያም አየርን በግፊት የሚያስገባውን ሲፓፕ መሣሪያ መታገሥ ለማይችሉ ወይም ሌላ አማራጭ ለሚመርጡ አዋቂ ሕሙማን ይህንኑ ይመክራል።

መመሪያው ግን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። መሣሪያው ለሕመምተኛው በልኩ የተሠራና ደረጃ በደረጃ የሚስተካከል፣ በሠለጠነ የጥርስ ሐኪም የሚሰጥ መሆን አለበት፤ በእርግጥ መሥራቱም ከተጠለቀ በኋላ በሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ሊረጋገጥ ይገባል። ለመያዣነት የሚበቃ ጤነኛ ጥርስም ያስፈልገዋል። በረጅም ጊዜ የጥርስን አገጣጠም ሊለውጥ ስለሚችል ክትትል አይቀርለትም።

እንግዲህ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፤ ሁለቱም በሌሊት ይጠለቃሉ፤ ሁለቱም በጥርስ ሐኪም እጅ ያልፋሉ። አንዱ መንጋጋን ወደ ፊት ሲስብ ሌላው ወደ ኋላ እንዲሸሽ ሊተወው ይችላል። ሕመምተኛው «ለሌሊት የሚሆን የአፍ መሣሪያ ተደረገልኝ» ሲል፣ የሰማው የጤና ባለሙያ ትንፋሹም የታከመ መስሎት የደም ግፊቱንና የቀን እንቅልፉን ምክንያት መፈለግ ሊያቆም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ርዕስ ውስጥ ያለው ትልቁ አደጋም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከሽፋኑ ውፍረት ይልቅ በስም መመሳሰል የሚመጣው የሐሰት መረጋጋት ብዙ ዓመት ሊያስጠፋ ይችላል።

ከሌላ አገር የመጣ መጠይቅ

«አስቀድሞ ይጠየቅ» ማለት ቀላል ነው፤ በምን ይጠየቅ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ሂስ ይሻል። በሰፊው የሚሠራባቸው ሁለት መጠይቆች አሉ። «ስቶፕ ባንግ» የተባለው በካናዳ፣ ቶሮንቶ ተዘጋጅቶ በእ.ኤ.አ. 2008 የታተመ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሕሙማን ነበር። ስምንት ነጥቦች አሉት፦ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ከ35 በላይ የሆነ የሰውነት ክብደት መለኪያ፣ ከ50 በላይ የሆነ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ የአንገት ዙሪያና ወንድ መሆን። 3 ወይም 4 ያገኘ መካከለኛ፣ 5ና ከዚያ በላይ ያገኘ ከፍተኛ ሥጋት አለው ይባላል። የአውስትራሊያው ሐኪም መሪ ጆንስ በእ.ኤ.አ. 1991 ያወጣው «ኤፕወርዝ» ደግሞ በስምንት ሁኔታዎች ውስጥ ሰው ምን ያህል እንደሚያንቀላፋ ይጠይቃል።

እነዚህ መጠይቆች ወደ ዱመርሶ ሲመጡ ምን ይሆናሉ? ከ35 በላይ የሆነ የክብደት መለኪያ በገጠር ገበሬ መካከል በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጭኑ ሰው ከመነሻው አንድ ነጥብ ያጣል። ይሁን እንጂ ወደ ኋላ የሸሸ አገጭ፣ ያበጠ ቶንሲል ወይም ትልቅ ምላስ ያለው ሰው ሳይወፍርም ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። «ኤፕወርዝ» ስለ ቴሌቪዥን መመልከት፣ ስለ ማንበብና በትራፊክ መጨናነቅ ስለ ቆመ መኪና ይጠይቃል። ለዲላ ነዋሪ ይህ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ቀኑን በእንሰትና በቡና ማሳ ውስጥ ለምትውል ሴት ግን ከስምንቱ ብዙው ባዶ ነው። መጠይቁ በኢትዮጵያ ተፈትኖ በእ.ኤ.አ. 2019 ውጤቱ ታትሟል፤ የተፈተነው ግን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነበር። ለተማሪ የሠራ መለኪያ ለገበሬ ይሠራል ብሎ መቀበል የሚቻለው ተፈትኖ ሲታይ ብቻ ነው። የቀን ማንቀላፋትም ቢሆን በቡና ወራት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በማጠቢያ ጣቢያ ያመሸ ሰው ትንፋሹ ባይቋረጥም ቀን ያንቀላፋል።

ቋንቋም ሌላው ጉዳይ ነው። በእንቅልፉ መካከል ታፍኖ የሚባንን ሰው በአማርኛ «ዱካክ ተጫነኝ» ሊል ይችላል። የጤና ባለሙያው ቃሉን እንደ አጉል እምነት ካለፈው ዋናውን ምልክት አለፈው ማለት ነው። በእርግጥ ዱካክ የሚባለው ሁሉ የትንፋሽ መቋረጥ አይደለም፤ ቅዠትም ሊሆን፣ በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ሰውነት አልታዘዝ የሚልበት ሁኔታም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉ የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሆንም። አብዛኛው የጌዴኦ ሕዝብ አፉን የፈታው በራሱ ቋንቋ በመሆኑም ጥያቄው በዚያው ቋንቋ፣ ሰዎች ለማንኮራፋትና ለመታፈን በሚጠቀሙባቸው ቃላት ሊቀርብ ይገባል። ተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበው የቤተሰብ አባልም ብዙ ጊዜ ሌሊቱን አብሮ ያሳለፈ ምስክር ነው።

ልጆችን በተመለከተ ሁለት ልማዶች ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ። ልጅ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ በብዙ ቤት «ወስፋት አለበት» ይባላል፤ የትል መድኃኒት ተሰጥቶት ነገሩ ያበቃል። ሁልጊዜ የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ግን ቶንሲሉና ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው አዴኖይድ ሊታይለት ይገባል። ጉሮሮው የታመመ ልጅን እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ጎጂ ልማድ ነው፤ ለተዘጋ የትንፋሽ መንገድ መፍትሔ አይሆንም።

በእጅ ባለው መሣሪያ

የእንቅልፍ ላብራቶሪ በገጠር ወረዳ የሚጠበቅ አገልግሎት አይደለም። ሲፓፕም ቢሆን ዋጋና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ይህ እውነት አንዳንዱን ባለሙያ «ካላከምኩት ለምን እጠይቃለሁ?» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ይመራዋል። ተቃውሞው ክብደት ቢኖረውም የተሟላ አይደለም፤ ጥያቄው ብቻውን የሚለውጣቸው ውሳኔዎች አሉና።

የመጀመሪያው የመድኃኒት ውሳኔ ነው። መንጋጋው ተጨናንቆ ለሚያመው ሰው ጡንቻ እንዲላላለት ተብሎ በማታ ዲያዜፓም ሊታዘዝ ይችላል፤ ትንፋሹ በሚቋረጥ ሰው ላይ ግን ማስታገሻና አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላሉ፣ ሰውነት ከመታፈን የሚነቃበትንም ጊዜ ያዘገያሉ። በሌላ በኩል ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ የድብርት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጥርስ ማፋጨትን ያመጣሉ፤ ማፋጨቱ የጀመረው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። አልኮል፣ ትንባሆና እጅግ የበዛ ቡና ከጥርስ ማፋጨት ጋር ተያይዘው መገኘታቸውም፣ በቡና አገር ጀበናው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጣድ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የደም ግፊት ውሳኔ ነው። በመድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ካለበት ሕመምተኛ ጀርባ በእንቅልፍ የሚቋረጥ ትንፋሽ ሊኖር ይችላል። የጥርሱ ካርድና የግፊቱ ካርድ በአንድ ሰው እጅ ከተነበቡ ሁለቱ ምልክቶች ይገናኛሉ። ሦስተኛው የሪፈር ውሳኔ ነው። አንገቱ በሜትር የተለካ፣ አፉና አገጩ የታየ፣ የባለቤቱ ቃል የተጻፈለት ሕመምተኛ ወደ ዲላ ሆስፒታልም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ተቀባዩ ሐኪም ምን እንደሚፈለግ ያውቃል። በወረቀቱ ላይ «ጥርስ ያፋጫል፤ መከላከያ ይደረግለት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን የሚደረግለት ያው የተጻፈው ይሆናል።

አራተኛው ምክር ነው። በጎን መተኛት፣ ማታ አልኮል መተው፣ ለወፈረ ሰው ክብደት መቀነስ፣ እንቅልፍ ሲጫን መኪናን ዳር ይዞ ማቆም ሁሉም ያለ ላብራቶሪ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ በፐልስ ኦክሲሜትር የተለካ የኦክስጅን መጠን ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ሳይወርድ ቢያድር ግን ሕመሙ የለም ለማለት አያበቃም። የተበላ ጥርስ ሁሉ የማፋጨት ምልክት እንዳልሆነም መታወስ አለበት፤ ፍሎራይድ በበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ያደገ ሰው ኢናሜሉ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል።

የጥርስ ሐኪሙም ድርሻ አለው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በእ.ኤ.አ. 2017 ባወጣው መግለጫ የጥርስ ሐኪሞች ሕሙማንን በእንቅልፍ ለሚከሰት የትንፋሽ ችግር እንዲያጣሩና የተጠረጠረውን ለምርመራ ወደ ሐኪም እንዲልኩ አሳስቧል። በኢትዮጵያም የሕመምተኛን ጉሮሮ በጥሩ ብርሃን፣ አፉን አስከፍቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚመለከት ባለሙያ ከጥርስ ሐኪም በላይ የለም። መከላከያውን በሰም ወይም በአልጂኔት ከመለካቱ በፊት «ያንኮራፋሉ? ሰው ትንፋሽዎ ሲቋረጥ አይቶ ያውቃል? መኪና ሲነዱ እንቅልፍ ይጥልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። መልሱ አዎ ከሆነና ጥርሱ መከላከያ የግድ ካስፈለገው፣ ስስ አድርጎ መሥራት፣ ከተጠለቀ በኋላም ማንኮራፋቱ መባሱን ከቤተሰቡ መጠየቅና ምርመራው እንዲካሄድ መላክ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

በሞንትሪያል የተጠኑት 10 ሰዎች ለዓለም ሁሉ ፍርድ ሊሰጡ አይችሉም፤ ማንም እንዲሰጡ ሊያደርጋቸው አይገባም። ያስተማሩት ነገር ግን ትንሽም ቢሆን ከዱመርሶ ሩቅ አይደለም። የሌሊት መከላከያ የሚጠብቀው ጥርስን ነው። ከጥርስ በስተጀርባ ምላስ፣ ከምላስ በስተጀርባ ደግሞ ጉሮሮ አለ፤ ሰው በሌሊት ሕይወቱን የሚያሳልፍባት ያቺ ጠባብ መንገድ ናት። በመነሻው የተጠቀሰው አሽከርካሪ ጥርሱ ቢበላ በሌላ ዓመት ይሞላለታል። ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ሲወርድ በመሪው ላይ ካንቀላፋ ግን የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይሆንም። ባለቤቱ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ እየጠበቀችው ከሆነ፣ ወደ ውስጥ ተጠርታ ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ ብትጠየቅ መልካም ነው።